ፀሐይ ወደማትወጣበት ደሴት ልሄድ ስል

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ላፕቶፔን ከፍቼ የኖርዌይ ደሴቶችን እያየሁ ነበር።

ሰሜን ጫፍ ላይ ያሉትን ነው። በዊንተር ሰማያቸው ላይ አረንጓዴ ብርሃን እንደ መጋረጃ የሚወዛወዝባቸውን። ለፈረንጅ ገና ልሄድ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ወፍራም ካልሲ ገዝቻለሁ። የቀረኝ ሆቴሉን ቡክ ማድረግ ነው... እዚያ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ ይላል።

ምክንያቱም አባባ ስልክ አያነሳም።

አሰላ ነው ያለው። ስለ ጉዞው የነገርኩት ቀን ትንሽ ያስለው ነበር እንጂ ደህና ነበር።

«ፀሐይ አትወጣም ነው የምትይኝ?» አለኝ።

«በዚያ ወር አትወጣም አባባ። ብርሃኑም ለዚያ እኮ ነው ደምቆ የሚታየው።»

«በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጠራል... አይነሳም። ወንድሜን ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው» ይለኛል። በደወልኩ ቁጥር ተኝቶ ነው። ደህና የሆነ ሰው እንዲህ ይተኛል?

በሩን የከፈተችው አብራኝ የምትኖረው ሔለን ናት። አልደነገጠችም። «ማነው?» እንኳ አላለችም። እንግዶቹን የምትጠብቃቸው ነው የምትመስለው።

ጋሼ ተፈራ ገቡ። የአባባ አብሮ አደግ ናቸው፤ እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ሊንደን ከተማ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቁ ነው የሚኖሩት። ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘው። የኮሮና ክትባቱን ጨርሰዋል፣ ግን ሁለቱም አሁንም ማስክ አያወልቁም። የሚታየኝ ዓይናቸው ብቻ ነው። ከዓይን ብቻ ምን ይነበባል?

ሳይደውሉ። በጠዋት። ሽማግሌና ድስት።

እኛ ጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። የሥጋ ዘመድ ሲሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሰው ይዞ ይመጣል።

«ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ እህል ያስቀምሱሻል።

«በልቻለሁ» አልኩ፣ ሳልበላ።

«ግዴለም፣ ትንሽ ቅመሺ። ሔለን፣ እስቲ ሳህን አምጪ።»

ጋሼ ተፈራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ላፕቶፑን አዩት። አረንጓዴው ሰማይ እንደተከፈተ ነው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው ከደኑት።

የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከድኑት።

እርግጠኛ ሆንኩ። ከድስቱ የወጣውን ፍርፍር ጎረስኩ፤ አልዋጥ አለኝ። የሚገርመው በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ካልሲዎቹ ነው። የት አደርጋቸዋለሁ? ማን ይመልስልኛል?

«የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ ተፈራ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አንቺ አስተዋይ ነሽ። የመጣንበትን ነገር በትዕግሥት እንድትሰሚን...»

«ጋሼ፣ በቃ ይንገሩኝ። መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«አባባ... መቼ ነው ያረፈው?»

ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉት። አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል።

«በስመ አብ! አባትሽ እኮ ነው የላከን!»

የላከን።

የሞተ ሰው ሽማግሌ አይልክም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ጎርሼ የነበረው ፍርፍርም ያን ጊዜ ወረደልኝ።

«ብዬህ ነበር!» እትዬ አልማዝ ባላቸው ላይ ጮሁ። «ከሰዓት እንሂድ ብዬህ ነበር! በዚህ ሰዓት፣ ድስት ተሸክመን፣ ልጅቷ ምን ትበል?»

«ድስቱን ማን አምጪ አለሽ?»

«ታዲያ ለሽምግልና ባዶ እጅ ይኬዳል?»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። አባባ አኩርፏል። ስልኩን እያየው ነው የማያነሳው። ለጋሼ ተፈራ ደውሎ «ሰው ጨለማ ፍለጋ ባሕር አቋርጦ የሚሄደው ምን ሲሆን ነው? ልጄን ከፍቷታል፣ ደብቃኛለች። አስቀሩልኝ» ብሏቸዋል። ሔለንም እንዳትነግረኝ ተለምና ነው ዝም ያለችው።

«እውነት ከፍቶሽ ነው?» አሉኝ ጋሼ ተፈራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይህን ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«ኧረ ብርሃኑን ለማየት ነው ጋሼ። ጨለማማ እዚህም ሞልቷል። ዊንተር ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ለሥራ ዌርሃውስ እገባለሁ፣ ስወጣ ጠልቃ አገኛታለሁ።»

«እሱን ለአባትሽ እንዳትነግሪው!»

ሽምግልናው ከዚያ ተጀመረ። ላፕቶፑ እንደገና ተከፈተ። ጋሼ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

«ይሄ ብርሃንም የሚታይበት፣ ፀሐይም የምትወጣበት ወር የለም?»

ፈለግን። አለ። ማርች ላይ ቀኑ እንደ ማንኛውም አገር ቀን ነው፤ ሲመሽ ደግሞ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ አረንጓዴው ይመጣል። ጋሼ ተፈራ በራሳቸው ስልክ ደወሉ። ወዲያው ተነሳ። ሰጡኝ።

«አባባ...»

መጀመሪያ ሳል። ያቺ የማውቃት ሳል። እንዲህ ደስ ያለኝ ሳል ሰምቼ አላውቅም።

«ፀሐይ ትኖራለች?» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«ትኖራለች። ወደ መጋቢት አዛውሬዋለሁ። ወጥታ ትገባለች።»

«መጋቢት ጥሩ ነው» አለ፣ ደሴቱ ላይ እርሻ ያለው ይመስል። ከዚያ «ፎቶ ላኪልኝ። የፀሐይዋንም» አለኝ።

እነሱ ሲወጡ ሆቴሉን ቡክ አደረግኩ። እጄ እምቢ አላለም።

እና እባካችሁ... ለሽምግልና የምትመጡ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ኑ። ጠዋቱ የሌላ ነገር ሰዓት ነው።