ጠርዝ የሰፋሁለት ከፈን

መጀመሪያ እምቢ ያለኝ እግሬ ነው። የስፌት መኪናዬን መርገጫ ስጫን የቀኝ ጉልበቴ ውስጡ የተሰበረ ያህል አመመኝ። ብርድ ነው አልኩ፤ የሶዶ ክረምት ጉልበት ይወዳል። ከቀትር በኋላ ከዓይኔ ኋላ ራስ ምታት ተነሣ። ክር በመርፌ ዓይን ላስገባ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ሳትኩ። ወደ አመሻሹ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የጀመርኩትን የኮት እጅጌ ሳልጨርስ መኪናዋን ሸፍኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው ግርሻ ቤቱ ለገባበት ሰው ነው። ሕመሙን እነግረዋለሁ፤ ከሕመሙ የከፋውንም እነግረዋለሁ። ሁለተኛውን መስማት የማይሻ ልብስ ስለ መቀቀል ያልኩትን ብቻ አንብቦ ይተወኝ፤ አልቀየመውም።

እኔ ሰይድ የወሎ ሰው ነኝ። ሶዶ የመጣሁት ከአንድ ሹም ጓዝ ጋር ልብስ ሰፊ ሆኜ ነው። ሹሙ ሲሻር እሱ ሄደ፣ እኔና መኪናዬ ቀረን። ያን ጊዜ በከተማው የነበርን እስላሞች ጥቂት ነን፤ ዓርብ ዓርብ በአንድ ነጋዴ ግቢ እንሰግዳለን። ሚስቴ ዘይነባ ትባላለች። ልጅ አላህ አልሰጠንም።

በእነዚያ ጥቂት ሰዎች ዘንድ «አኼራን የማይረሳው ሰይድ» እባል ነበር፤ የወዲያኛውን ዓለም ማለታቸው ነው። ስሙ የወጣልኝ በከፈኔ ነው። ከሐጅ የተመለሱ አንድ የጅማ ሽማግሌ በዘምዘም ውኃ የተነከረ ነጭ አቡጀዲ አምጥተውልኝ፣ ለመገነዣዬ ብዬ ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። ዓርብ ከሶላት ስመለስ አወጣዋለሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቀብሬን፣ እዚያ የሚመጡትን የሁለቱን መላእክት ጥያቄ፣ የሥራዬን ሚዛን አስባለሁ። አንዳንዴ አለቅሳለሁ። እንግዳ ካለ ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጌ አለቅሳለሁ።

ከፈን አይሰፋም። ይህን መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን የአቡጀዲው ዳር ክሩ ሲላላ ማየት አልቻልኩም፤ የሙያ አመል ነው። ጠርዙን ዙሪያውን አጠፍ አድርጌ፣ በእጄ፣ በደቃቅ ስፌት ሰፋሁት። የሚያሰግዱን ሸህ ባዩት ጊዜ «ሰይድ፣ ይኼ ለመሬት ነው ወይስ ለሰው ዓይን?» አሉኝ። ጠርዙን ብቻ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አምስት ቀን ነደድኩ።

ራሴ። ወገቤ። በግራ በኩል ከጎድኔ በታች ጣፊያዬ አብጦ ሲነኩኝ እጮኻለሁ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ። አፍንጫዬ ደማ። በሁለተኛው ቀን «ከፈኔን አምጪና ከሥሬ አንጥፊልኝ፤ ተዘጋጅቼ ልሙት» አልኳት ዘይነባን። አነጠፈችልኝ። አምስት ቀን በላዩ ላይ ላብኩ። ቁርአን ቅሪልኝ እላለሁ፣ ትቀራለች። ውኃ እላለሁ፣ ታመጣለች። ሸሃዳ እንዳልረሳ አስታውሺኝ እላለሁ፣ ታስታውሰኛለች። በአምስቱ ቀን ውስጥ «በልተሻል ወይ?» ያልኳት አንድም ጊዜ ትዝ አይለኝም። የምሞተው እኔ ነበርኩ፤ ለሌላ ሰው ጊዜ አልነበረኝም።

በስድስተኛው ቀን ላብ አጠመቀኝና ትኩሳቱ እንደ ነበረ ለቀቀኝ። ዳንኩ ብለን ሰደቃ አበላን። ሳምንት ያህል ቆይቼ ሱቄን ከፈትኩ፤ በማግሥቱ ያው ጉልበት፣ ያው ራስ ምታት ተመለሰ። ግርሻ መባሉ ለዚህ ነው። የዳናችሁ ሲመስላችሁ አትመኑት።

ጎረቤቴ አንጁሎ የወላይታ ገበሬ ነው፤ እንሰቱ ከጓሮዬ ጋር ይዋሰናል። ሦስት ሰው ጠርቶ በቃሬዛ ኦቶና ወዳለው የሚሲዮን ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሙ ነጭ ነው፤ በአስተርጓሚ ይናገራል። ከጣቴ ጠብታ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ።

«ደምህ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ተሐዋስ አለ» አለ። «ስፒሮኪት ይባላል። በሽታው ሪላፕሲንግ ፊቨር ነው፤ እናንተ ግርሻ የምትሉት። የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። ቅማሏን ስትጨፈልቃት፣ ቦታውን ስታክ ይገባል።»

ከሕመሙ ይልቅ ቅማል መባሉ አመመኝ። «እኔ በቀን አምስት ጊዜ የምታጠብ ሰው ነኝ» አልኩ።

«አንተ ትታጠባለህ» አለ። «ልብስህስ?»

 የገበያው አሮጌ ኮት ሁሉ ለመጠገን በጭኔ ላይ ያልፋል።

ኒዮሳልቫርሳን የሚባል የአርሰኒክ መድኃኒት በደም ሥሬ ወጋኝ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልጋውን የሚያናውጥ ብርድ ያዘኝ። ይህን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ስፒሮኪቱ ሲያልቅ የሚመጣ ነው፣ አትፍራ ብሎኛል። እናንተም አትፍሩ። ግን ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። አጠገቤ ዘይነባ ነበረች።

ስንወጣ ሐኪሙ እንዲህ አለን፦ «ፀጉርህ ይላጭ። ገላህን የነካ ጨርቅ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ውኃው እየፈላ ይቀቀል። ከሁሉ በላይ ስፌቱን። ቅማል የምትደበቀው ስፌት ውስጥ ነው።»

ዘይነባ ቤት ስንደርስ እሳት አነደደች። ጋቢውን፣ ቡልኮውን፣ የራሷን ቀሚስ፣ የትራሱን ልብስ በትልቁ ድስት ጨመረች። ከሥሬ የነበረውን ከፈን ልታነሣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ይኼን ተዪው። የዘምዘም ነው።»

«አንድ ሳይቀር ነው ያለው።»

«በረከቱን በእንፋሎት ላብንነው?»

«በረከቱ ከጨርቁ ነው ወይስ ከአላህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ለዚህም ነው የተቆጣሁት። «አንቺ ሴት፣ በአኼራዬ አትግቢብኝ» አልኳት። አጥፋ በንጹሑ ትራስ ሥር አደረገችው፤ እኔ ያዘዝኩት እዚያ ነውና። በትራሱ ላይ የምንተኛው ሁለታችን ነን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ መልካም ነበሩ። አንጁሎ የቡላ ገንፎ በቅቤ እያሠራ ይልክልኛል፣ ሰው እየመጣ እንኳን አተረፈህ ይለኛል፣ እኔም በደጃፉ ፀሐይ ላይ ተላጭቼ ተቀምጬ ሞትን እንዴት በቅርብ እንዳየሁት፣ ከፈኔ ላይ ተኝቼ እንዴት እንደጠበቅሁት ለመጣው ሁሉ አወራለሁ፤ የሰማውም ሁሉ «ታድለህ፣ ከልብህ አኼራ አይጠፋ» እያለ ይመርቀኛል። ዘይነባ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ውኃ ታቀርባለች። ሻሽዋን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ አስራ ነበር። ያየሁት አሁን ነው እንጂ ያን ጊዜ አላየሁም።

ያየው አንጁሎ ነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል።

«ሰይድ፣ ሚስትህ ታሟል» አለኝ። «ምንጭ ላይ እንስራ አስቀምጦ ቁጭ ብሎ አየሁ። መነሣት አልቻለም።»

«ደክሟት ነው» አልኩት። «እኔን ስታስታምም ከርማ።»

«ድካም አይደለም። ግንባሩን ነካህ?»

አልነካሁም። ነገ እነካለሁ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ወይም ሊጠይቁኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከምድጃው አጠገብ ወደቀች።

ግንባሯን ነካሁ። እሳት ነበር።

ዓይኗ ቢጫ ነበር። ድዷ ይደማል። ስንተኛ ቀንሽ ነው አልኳት። አምስት አለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ሻሽዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው መንገድ ወሰድናት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ልቧ ደክሟል» አለ። «መርፌውን አሁን አትችለውም። ትንሽ ከበረታች እንሞክራለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ልብሱ ሁሉ ተቀቅሏል?»

«አዎ» አልኩ።

ዘይነባ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አላጋለጠችኝም። አስተርጓሚው «አዎ» የሚለውን ወደ ሐኪሙ ቋንቋ መለሰው፤ ውሸቴ በሁለት ቋንቋ ተነገረ።

ሐኪሙ ሲወጣ እጄን ያዘች። «ሰይድ፣ ጨርቁን ቀቅለው» አለች። «አንተ ደግሞ እንዳይመለስብህ።» ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ የምለው እኔ ነበርኩ፤ አላልኩም። እንድትቀራልኝ ሳዝዛት የከረምኩ ሰው ልቅራላት ስል ድምፄ ጠፋ። ከአሱር ሶላት በፊት ሞተች።

ቤት ሄጄ ከፈኑን ከትራሱ ሥር አወጣሁ። ለእሷ ልሰጣት ነው። በደጃፉ ብርሃን ዘረጋሁት። የልብስ ሰፊ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ስፌት ላይ ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ገለበጥኩት።

እዚያ ነበሩ። በእጥፉ ውስጥ፣ በደቃቁ ስፌቴ ተራ፣ ቅማልም ቅጫምም። ሜዳ በሆነው ጨርቅ ላይ አንድ አልነበረም። መጠለያ ያበጀሁላቸው እኔ ነኝ።

እሳቱን ራሴ አነደድኩ። ድስቱን ራሴ ጣድኩ። የዘምዘሙ ጨርቅ ተንፈቀፈቀ። ሲወጣ ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩት፤ ጠርዙን ቆርጬ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ እንደ መተርተሩ ቀጥ ያለ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም። የወንድ ከፈን ሦስት ቁራጭ ነው፣ የሴት አምስት፤ ከእኔው ሦስት አምስት ቆርጬ ሰጠሁ፣ የሰፈሩ ሴቶች አጥበው ገነዟት። በማግሥቱ ጠዋት ቀበርናት። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ አንጁሎ ነው፤ የሶላቱ ጊዜ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ ሸሁን ጠየቅኋቸው። ስለ እሷ እጠየቃለሁ ወይ አልኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ እንደ ሆነ አላውቅም።

«ትጠየቃለህ» አሉኝ። «ሰው በእጁ ስላደረው ሁሉ ይጠየቃል። እስከዚያ ድረስ የምትጠየቅበትን አታብዛ።» ስለ ጠርዙ ግን አላነሡም፤ እስከ ዛሬም አላነሡብኝም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

አርባ ቀን ሲሞላ ኦቶና ሄጄ ሐኪሙን እንደ ዋሸሁት ነገርኩት። «ልጎዳህ አልፈልግም፤ ያን ቀን እውነቱን ብትነግረኝም እሷን ላድናት አልችልም ነበር» አለ። «ለሌላው ሰው ግን ንገር።» ይህ ጽሑፍ የእሱ ትእዛዝ ነው።

ወባ ይሁን ግርሻ ሳይለይ የሚያስታምም ሰው ዛሬ በሬን ያንኳኳል፤ ድስቱን አውሰዋለሁ፣ እሳቱንም አብሬው አነድዳለሁ፣ የተቀቀለውን ልብስ ስፌቱን ገልብጬ እያየሁ እመልስለታለሁ፤ ይህን ሳደርግ አኼራ ትዝ ትለኛለች፣ ግን ዓርብ ዓርብ ጉልበቴ ላይ እንደ ዘረጋኋት አይነት አይደለችም፣ ሩቅ ያለች የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለችም፤ በአጠገቤ ላለው ሰው ምን እንዳደረግሁ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ሆና ነው የምትመጣው፣ ሥራዬንም እየሠራሁ እመልስላታለሁ። ሞትን ማስታወስ ልብን ያለሰልሳል ይላሉ፤ እውነት ነው። የእኔን ግን ያለሰለሰው የራሴን ሞት ማስታወስ አልነበረም። የራሴን ሞትማ ወድጄው ነበር፤ ስሜን ያስጠራልኝ እሱ ነው።

ነፍሴን ላቆየልኝ ለአላህ ምስጋና ይድረሰው፤ ለምን እንዳቆየኝ አልጠይቅም፣ እፈራለሁ። ሐኪሙን አመሰግናለሁ። አንጁሎን አመሰግናለሁ፤ ሁለቴ ተሸከመልን፣ አንዴ ነገረኝ።

ግርሻ ለያዘው ምክሬ ይኼ ነው። ደምህን አስመርምር። ትኩሳቱ ሲለቅህ ዳንኩ አትበል። ልብሱን ሁሉ ቀቅል፤ ሐጅ የሄደውን፣ የአባትህን አደራ፣ ለሠርግህ ያስቀመጥከውን፣ ሁሉን። ስፌቱን ገልብጠህ እይ።

እኔ ሌላ ከፈን አላስቀመጥኩም። ስሞት የሚገንዘኝ ሰው አቡጀዲ አያጣም፤ ጠርዙን እንዳይሰፋው ብቻ ንገሩት። እናንተ ግን አልጋ ላይ ሆናችሁ አኼራን ስታስቡ፣ እጃችሁን ዘርጉና ውኃ ይዛ አጠገባችሁ የቆመችውን ሴት ግንባር ንኩ።