አየር ላይ የቀረ ራስ

ሽማግሌው ኮታቸውን እንደቆለፉ በሕክምና ክፍሉ አልጋ ላይ ተንጋለዋል፤ እንቅልፍ ከራቃቸው ከርሟል። ሰውነትን በዝግታ እየነካች የምታረጋጋው ባለሙያ ጭንቅላታቸውን በመዳፎቿ ደግፋለች። እኔ ገርበብ ባለው መጋረጃ በኩል እያየሁ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«አባባ፣ ጭንቅላትዎን ይልቀቁልኝ።»

«ለቅቄዋለሁ እኮ ልጄ!»

እጆቿን ዝቅ አደረገች። ጭንቅላታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይኸው፣ እርስዎው ተሸክመውታል!»

«እንዳይከብድሽ ብዬ ነዋ!»

ሳቀች። እሳቸውም ሳቁና፣ «ምን ላድርግ? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ራስ የነካው ፀጉር አስተካካዬ ብቻ ነው፤ እሱም ‹ቀና ይበሉ› እያለ» አሉ።

መዳፎቿን መለሰች። ጥቂት ቆይቶ አንገታቸው ላላ፤ ማንኮራፋት ጀመሩ። እጆቿ ከሥር እንደተያዙ በአገጯ በሩን አሳየችኝና፣ «ነገ ይምጡልኝ» አለች በሹክሹክታ።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።