ከመድረክ ጀርባ መምራት

ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራኑን የምመራው እኔ ነኝ። ስመራ ዓይኔን የመጨፈን ልማድ ነበረኝ፤ ድምፁን የበለጠ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሳን ሆዜ ያለ አንድ ትንሽ የኦፔራ ቡድን ረዳት መሪ ሲፈልግ፣ ኮሌጅ አብራኝ ሙዚቃ የተማረች ጓደኛዬ ጠቆመችኝና ሄድኩ።

ሥራው ከመድረክ ጀርባ ቆሞ የሚዘምረውን ቡድን መምራት ነው። የጣሊያን ኦፔራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይበዛል። ዘፋኟ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ስታዝን ከሩቅ የጸሎት ዜማ ይሰማል። የሚጸልዩት አይታዩም፤ የሚመራቸውም አይታይም። ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው እጅ ከጀርባ የሚታየው በሞኒተር፣ በትንሽ የቪዲዮ ስክሪን ነው።

ዋናዋ መሪ ጣሊያን ያደጉ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ልምምድ ቡድኔ ከኦርኬስትራው ወደኋላ ቀረ። ደገምነው፤ አሁንም ቀረ። እሳቸው ሁሉንም አስቁመው ወደ ጀርባ መጡ።

«እየሰማሽ ነው የምትመሪው» አሉኝ።

«አዎ።»

«አትስሚ። የኦርኬስትራው ድምፅ አንቺ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፤ የእናንተም ተመልካቹ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። እዚህ ቦታ ጆሮ ያሳስታል። ሞኒተሩ ላይ እጄን እይ፤ ከእጄም ትንሽ ቅደሚ።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሞኒተሩ ሳልነቅል መምራት ተለማመድኩ። እጃቸውን ሳይ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ዘፋኟ ረጅም ሐረግ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ፣ የሚመሩበት ቀጭን ዘንግ አየር ላይ ይቆያል። ኖታው ላይ ቆይ የሚል ምልክት የለም። ዘፋኟ የደከማት ቀን ብዙ ይቆያሉ፤ ስትበረታ ጥቂት። ምን ያህል እንደሚጠብቁ አስቀድመው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት ነበር። እናቴ ከአምልኮ በኋላ ነጠላዋን እንደለበሰች መኪና ውስጥ ገባች፤ መሃል መንገድ ላይ፣ ፍሪሞንት ከተማ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል ደረስን። ፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀምጫት ወደ ጀርባ ሮጥኩ።

ጸሎቱ ሊጀምር ሲል ሞኒተሩ ጠፋ። ዕቃ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ገመዱን ነቅሎት ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ቡድኑ እኔን ያያል፤ እኔ የማየው የለኝም። ኦርኬስትራው ይሰማኛል፣ ግን እሱን እንዳልከተል ተነግሮኛል። በግድግዳ አምሳል በተሠራው ሸራ ስንጥቅ ስመለከት የዘፋኟ ጀርባ ታየኝ። ትከሻዋ ከፍ አለ። ልምምድ ላይ ትከሻዋ ዝቅ ማለት ሲጀምር የመሪዋም እጅ አብሮ እንደሚወርድ አይቼ ነበርና፣ እሱን ጠብቄ እጄን አወረድኩ። ቡድኑ ገባ። መጀመሪያው ላይ የቀደምን መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ኦርኬስትራው ከእኛ ጋር ሆነ፤ እስከ መጨረሻውም አብረን ሄድን።

በዕረፍቱ መሪዋ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው ውሃ ሲጠጡ አገኘኋቸው።

«ሞኒተሩ ጠፍቶብኝ ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «መጀመሪያው ላይ ቀደማችሁኝ፤ ጠበቅኋችሁ። ታዲያ ምን አይተሽ መራሽ?»

«የዘፋኟን ትከሻ።»

«እኔም የማየው እሷን ነው» አሉና የጠርሙሱን ክዳን ገጠሙ። ለቀጣዩ ትርኢት ገመዱ ወለሉ ላይ በቴፕ ተጣበቀ።

ወደ ቤት ለመመለስ መኪና ውስጥ ስንገባ እናቴ ቀበቶዋን አሰረች።

«አሁን ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ ስጠብቅ አለቀ» አለች።

«ጀርባ ነው የምሠራው፤ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል። ግን በመጨረሻ እንኳን ወጥታችሁ እጅ የምትነሱ መስሎኝ።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ያ ከሩቅ የሚመጣው ጸሎት ደስ ይላል። የሚሉት ባይገባኝም አሜን አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። ፈገግ አለች።»

የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ከሩቅ ሲታዩ የቤታችንን መውጫ ያዝኩ። እናቴ ለእራት ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ምንም እንዳልሠራሁ ነገርኳት።