የሞተር ማሞቂያው ገመድ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የመኪናዋን ገመድ መሰካት ነበር። ባለቤቴ ከፒካፗ አፍንጫ ሥር ተንበርክኮ የተንጠለጠለችውን ጥቁር ሶኬት ከማራዘሚያው ጋር ያገናኛል፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ሌላውን ጫፍ ግድግዳው ላይ እሰካለሁ። ቴፒ ላይ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መሬቱ ይተናል፤ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ የእሱም ግንባር በላብ ያብረቀርቃል።

“ገባ?” አለኝ።

“ገብቷል።”

እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ሞተ።

አሁንም አሮጌ ጎማ በፀሐይ ሲግል የሚሸተው ሽታ ያን ገመድ ያመጣብኛል። ገመዱ ደግሞ ደጋውን፣ ማሻን ያመጣል።

ማሻ የሄድነው በተጋባን ዓመት ነው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ከማሻ ቴፒ ማርና ቡና፣ ሲገኝም ሰው ይጭናል። እዚያ ጉሙ ከጫካው ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ስትወጡ የጎረቤት ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊቱ አይታይም። ፒካፗ አሮጌ ናፍጣ ናት፤ ብርድ ካገኛት አልነሳም ትላለች። የገዛት ከብርድ አገር ይዘዋት ከመጡ ፈረንጆች ነው። ከፊቷ የተንጠለጠለችው ሶኬት ምን እንደሆነች ቢጠይቃቸው፣ “ማታ መብራት ላይ ሰካት፤ ሞተሯ ሲሞቅ ያድራል” አሉት። እውነትም ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለት ጀመር።

ሰፈሩ ሳቀብን።

“ሹፌር፣ ላምህን አሰርካት?” ይሉታል ሲያልፉ።

“አስሬያታለሁ። ጠዋት እናልባታለን” ይላል።

ምጥ የያዘኝ ጎህ ሲቀድ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነበረች። ከጤና ጣቢያ የመጣችው አዋላጅ ሆዴን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። “ልጁ ተጋድሟል። እዚህ አይሆንም፤ ቶሎ ሆስፒታል አድርሷት።” ባለቤቴ ቁልፉን ይዞ ሮጠ። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ደግሞ አጉረመረመ፤ ዝም አለ። መብራት ሄዶ ማደሩን ያወቅነው ያኔ ነው።

ከሞተሩ ሥር ከሰል አቀጣጥሎ በካርቶን ያራግብ ጀመር። እኔን ከኋላ ወንበር ላይ አጋድመውኛል። የከሰሉ ጭስ ከናፍጣው ሽታ ጋር በመስኮቱ ይገባል።

“መኪናዋን ተዋት አንተ! ሰው ጥራና በቃሬዛ እናውርዳት!” ትጮኻለች ጎረቤታችን።

“አሁን ትነሳለች እትዬ፣ አሁን።” ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ “ቻይልኝ እሺ? ትንሽ ቻይልኝ።”

ፒካፗ ስትነሳ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የተሰበሰቡት የሰፈር ሴቶች ደስ ብሏቸው እልል አሉ። ለልጄ የተባለላት እልልታ ያ ብቻ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ እኔን አተረፉ።

ማሻ መኖር ስላቃተን ወደ ቴፒ ወረድን። እቃችን ገና ከመኪናዋ ሳይራገፍ፣ አመሻሹ ላይ ባለቤቴን ገመዱን ሲዘረጋ አየሁት። እዚህ እኮ ብርድ የለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁና ጫፉን ተቀብዬ ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ያልሰካንበት ማታ የለም። ጠዋት ሲነቃ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ “መብራት አለ?” ይለኛል። “አለ” እለዋለሁ። ሌላ ልጅ አልመጣም።

በኋላ ኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው ሲመጣ፣ የባጃጅ ልጆች መቀለጃ አገኙ።

“ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መንግሥትን ቀድመውታል! ቻርጇ ስንት ደረሰ?”

“ገና ግማሽ ናት፤ አትንኳት” ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ገመዱን ለመጨረሻ ጊዜ በሰካን ማግስት፣ ጠዋት ደረቱን ይዞ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ጎረቤት ጠርቼ ቁልፉን ሰጠሁት፤ ፒካፗ ወዲያው ተነሳች። መንገዱም ክፍት ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ባለቤቴ ይተነፍሳል፣ እጄንም ይዟል። ሐኪሙ “በጊዜ አምጥታችሁታል” አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

በጊዜ ከደረሱ ሰው ይተርፋል ብዬ እኔም ያን ሁሉ ዓመት አምኜ መኖሬን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እሱ ግን በጊዜ ደርሶም እንደማይተረፍ ሳያውቅ ሄደ፤ ለዚህ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን እስካሁን አልለየልኝም።

ፒካፗን የማሻ ነጋዴ ገዛት። ስለ ሶኬቷ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እኔ አሁን የከሰዓቱን ፈረቃ ለምኜ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት “መብራት አለ?” የሚለኝ የለም፤ ፀሐይ አልጋው ላይ እስክትደርስ እተኛለሁ።