የቀረ ልጅ ፍለጋ የማይታክታቸው መምህርት የሺእመቤት

ለወዳጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ላለፍን ሁሉ፦

በአዲስ ቅዳም አካባቢ ለረጅም ዘመን ያስተማሩን መምህርት የሺእመቤት ታምመው በቆዩበት በእንጅባራ ቤታቸው በዚህ ሳምንት ተለይተውናል። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ «ዕረፍት አገኙ» ይል ነበር። እኔ ግን እርሳቸውና ዕረፍት እንዴት እንደሚስማሙ እስካሁን ልገምት አልቻልሁም።

አንድ መቀመጫ ባዶ ከሆነ ትምህርት መጀመር ይቸግራቸው ነበር። ጠመኔውን ያነሡና መልሰው ያስቀምጡታል፤ ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። «ወዴት ቀረች?» ይላሉ። «አናውቅም» ካልን ይቆጣሉ። «‹ቀሪ› ብሎ ጽፎ ዝም ማለት ልጅን ደጅ አስቀርቶ በር መዝጋት ነው» ይሉን ነበር።

አንድ ጊዜ የቀረሁት እኔ ነበርሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ለከሰል የተከለውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ቆርጦ ከሰል ማክሰል ጀመረ። ክምሩ በአፈር ተዳፍኖ ሲጤስ ጠባቂ ይፈልጋል፤ አፈሩ ተሰንጥቆ ነፋስ ከገባበት ሁሉም አመድ ይሆናል። ጠባቂዋ እኔ ሆንሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርት የሺእመቤት ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። እናቴ አዊኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም፤ በተሰባበረ አዊኛ ሰላም ሲሏት ሳቀችና ግንድ ላይ እንዲቀመጡ ጋበዘቻቸው። አልተቀመጡም።

«አያ ጥላሁን፣ ልጅዎን ለምን አስቀሯት?» አሉት በዚያው ሰዓት ከእርሻ የመጣውን አባቴን።

«እሷ ከሄደች ይህን ማን ይጠብቅልኛል? እኔ እርሻ ላይ ነው የምውለው።»

«ጎረቤትዎም እንዲሁ ለከሰሉ ሲል ልጁን አስቀርቷል። ለምን በወንፈል አትጠብቁም? ዛሬ እርሱ የሁለታችሁንም፣ ነገ እርስዎ።»

«ወንፈልማ ለአጨዳ ነው! ለከሰል ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«እንግዲያው ዛሬ ይሰማ» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጎረቤታችን አጥር አቀኑ። አባቴ እየሳቀም እየተነጫነጨም ተከተላቸው። በማግስቱ ክፍል ገባሁ።

ሁሌ ግን እንዲህ አልሆነላቸውም። ብርቱካን የምትባል ጓደኛችን ስትቀር ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዱ፤ ሲደርሱ ተድራ ነበር። «በቀረችበት ቀን ብሄድ ኖሮ» ሲሉ ዓመት ሙሉ ሰማናቸው። ከዚያ ወዲህ ነገ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ደወሉ ሲደወል ጃንጥላቸውን ይዘው በዚያው ይወጣሉ።

ጡረታ ወጥተው እንጅባራ ሲገቡም አላረፉም። እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ሕመማቸውን ሳይነግሩኝ «ተከፈተ?» ይሉኛል። «ገና ነው» ስላቸው ከአልጋው ሊነሡ ይታገላሉ። በመጨረሻ «ተከፍቷል!» እያልሁ የምሥራች ይዤ ገባሁ። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን «ስንቱ መጣ?» አሉ። ግማሹ እንኳ እንዳልመጣ ነገርኋቸው።

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው አባረሩኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

መምህሬ ሆይ፣ ያን ቀን ከቤትዎ ወጥቼ በቀጥታ የቀሩ ልጆች ፍለጋ ሄድሁ። ሁለት እኅትማማቾች አገኘሁ፤ አንዷ ትምህርት ቤት መጥታለች፣ ሌላዋ ገና እምቢ ብላለች። ቀብርዎ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው እሷን ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ዕረፉ ልልዎት አልደፍርም። በሰላም ይሂዱ፤ እኔም ልሂድ፣ ሳይመሽ ከልጅቱ ቤት መድረስ አለብኝ።