የሚዘገየው ስክሪን

ወንድሜ መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የመንገድ ዳሩ ክፍል ውስጥ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ ኳስ የሚያጫውት አንድ ማሽንና ስፖንጃቸው የወጣ ወንበሮች ነበሩት። ሕጉ አጭር ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ወንድሜ የቤቱ ባለቤት ቢሆንም ለሕጉ ይገዛ ነበር፤ የሚነሳበት ቀን ግን እምብዛም አልነበረም። እኔ ለኳስ ደንታ የለኝም። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያፈጥ እኔ ጆይስቲኩ ላይ የሚሮጡትን የወንድሜን ጣቶች ነበር የማየው።

በሽታው በእነዚያው ጣቶች ጀመረ። መጀመሪያ የውኃ ጠርሙስ መክፈት አቃተው፤ ስንፍና ነው ብዬ ሳቅኩበት። ኋላ ሐኪሙ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ እንደሆነና መድኃኒት እንደሌለው ነገረን። እስከ መቼ ነው እጁ የሚያገለግለው ብዬ ብጠይቀው «እሱን እኔም አላውቅም» አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ግን የምናደድበት ሰው ያስፈልገኝ ስለነበር በእሱ ተናደድኩ።

ወንድሜ አላለቀሰም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ድንገት «ጨዋታዬ ይቀዳልኝ» አለኝ። «ኋላ እንዲህ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?»

እሺ አልኩት።

በስልክ ሞክረነው ነበር፤ የመስኮቱ ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ እያንጸባረቀ አስቸገረን። ከማሽኑ የሚወጣውን ምስል ተቀብሎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስቀምጥ ካርድ እንዳለ የነገረን የወንድሜ ጓደኛ ነው። ጎጃም በረንዳ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ከወንድሜ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ ልጅ ነው። ሲጫወት ግን ኳስ ይዞ የሚያንቀላፋ ዘገምተኛ ነበር፤ ወንድሜ ለመዝናናት ያህል ያሸንፈው ነበር።

እኔ መርካቶ ዱባይ ተራ ጫማ ቤት ስለምሠራ ካርዱን መግዛት የእኔ ሥራ ሆነ። ከእኛ ሱቅ በላይ፣ ፎቁ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ዓይነት አወጡልኝ። አንዱ በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገና አዲሱን ጠፍጣፋ ገመድ የሚቀበል ነው። ሌላው በላስቲክ ተጠቅልሎ የቆየ፣ የድሮዎቹ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዶች የሚሰኩበት ነው።

«ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

«ያንን ተዪው፣ ጊዜው አልፎበታል። ይሄ ወላሂ ኦሪጅናል ነው።»

መርካቶ ውስጥ ሰው ዕቃ ሲገዛ መንገደኛው ሁሉ አማካሪ ነው። የቆመው ሁሉ «ካርቶኑን ውሰጂ፣ ካርቶኑን» አለኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ካርቶኑን ወሰድኩ። ሽማግሌው ካርዱን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰኩት፤ ሰማያዊ መብራት በራ። «ይኸው በራ። ከደጃፍ ከወጣ አይመለስም» አሉኝ። በእኛ ገበያ ዕቃ የሚፈተሸው እንዲህ ነው፤ ከበራ ይሠራል። እኔም «ሲለበስ ይሰፋል» እያልኩ ጠባብ ጫማ የምሸጥ ሰው ነኝና ምን አፍ አለኝ?

ቤት ስንሰካው መብራቱ ቦግ አለ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጓደኛው ጠይቆ ሲመጣ፣ ለካ ማሽኑ በአዲሱ ገመድ የሚያወጣው ምስል እንዳይቀዳ ተቆልፏል። የሚቀዳው በናቅነው በባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ብቻ ነው።

በነጋታው ፎቁ ላይ ወጥቼ ከሽማግሌው ደጃፍ ቆምኩና ለመጣው ገዢ ሁሉ «አይሠራም» እያልኩ ማስጠንቀቅ ጀመርኩ።

«ምነው ልጄ፣ ገበያዬን ገደልሽው!»

«እርስዎ ደግሞ ወንድሜን ሊገድሉት ነው» አልኩና ስለ እጁ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው በላስቲክ የተጠቀለለውን አወጡና ሰጡኝ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጨዋታው ከጓደኛው ጋር ነው። ገመዱ ወደ ካርዱ ስለሄደ ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና እሱን እያዩ ተጫወቱ። ምስሉ ጥርት ያለ ስለነበር ማንም ምንም አላሰበም።

ወንድሜ ተሸነፈ። ደግሞ የተሸነፈው በዚያ ኳስ ይዞ በሚያንቀላፋው ነው። ጓደኛው ራሱ ደንግጦ «ተቀመጥ፣ እንድገመው» ቢለው «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ እጆቹን ዘርግቶ አያቸውና «ሄደዋል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጌም ቤቱን አልከፈተም። እጆቹን ኪሱ ከትቶ ይውላል። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ። በዚያ ጨዋታም እኔ እንደ ልማዴ ያየሁት እጁን ነበር። አውራ ጣቱ እንደ ድሮው ፈጥኖ ነበር። የተመልካቹ ጩኸት ነው ዘግይቶ የመጣው።

ጠዋት ጌም ቤቱን ከፈትኩና ማሽኑን አብርቼ ጆይስቲኩን በራሴ ጤነኛ ጣት ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ተጫዋች ቆየት ብሎ መታ። ደግሜ ብጫን አሁንም ቆየት ብሎ መታ። ምስሉ በካርዱ በኩል አልፎ እስኪደርስ ይዘገያል ማለት ነው። ፈጥኖ የሚጫወተው ሲጎዳበት፣ ቀድሞም የሚያንቀላፋው ተመቸው።

ወንድሜን ከአልጋው ጎትቼ አመጣሁት። «ልታጽናኚኝ ነው» ብሎ ተቆጣ። «ዝም በልና ጣቴን እይ!» አልኩት። አየ። ራሱም ተጫነና አየ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በሽታው ከተነገረው ጀምሮ ያላለቀሰውን አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሽማግሌው ገመዱን ለሁለት የሚከፍል ማካፈያ በነጻ ሰጡኝ። አንዱ ጫፍ ወደ ካርዱ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን እያየ ተጫወተና ጓደኛውን አለቅጥ ቀጣው። ያ ጨዋታ ተቀድቷል፤ ዛሬም አለ።

በሽታው ግን አልተወውም። ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ካላስደገፈ መያዝ አቃተው። እግሩም ከበደው። አንድ ከሰዓት ጓደኛው ለጨዋታ ሲመጣ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

«ማካፈያውን ንቀይው። በኮምፒውተሩ እንጫወት።»

«ይዘገያል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ዓይኑን ሳየው ገባኝ። ሄጄ ማካፈያውን ነቀልኩና ገመዱን ካርዱ ላይ ብቻ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ጓደኛው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።

ወንድሜ ተሸነፈ።

«ካርዱ ነው» አለ ጓደኛው። «ይሄ የተረገመ ካርድ ነው ያዘገየህ።»

«ካርዱ ነው» አለ ወንድሜ።

እንደ ሕጉ ሊነሳ ወንበሩን ተደገፈ። ጓደኛው ትከሻውን ያዘው።

«ካርድ ያሸነፈው ሰው አይነሳም» አለው፤ ተነስቶም እሱ ቆመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ ሲጫወት ቴሌቪዥኑን ያበራ ሰው የለም።