ከየቤቱ አንድ እፍኝ ገብስ

በአረፋ ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአባቴ በግ ተኛና አልነሳም አለ። እርጥብ ገብስ በሸተተኝ ቁጥር የሚመለስብኝ ያ ከሰዓት ነው።

በጉን አጎቴ ከአገር ቤት ያመጣልን ክረምቱ እንደወጣ ነበር። ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጠው አባቴ እስከዚያ ዓመት ድረስ የራሱን የአረፋ በግ አርዶ አያውቅም፤ በየበዓሉ ሰው የሚልክልንን ሥጋ እየተቀበለ፣ «አላህ ካለ ለከርሞ» ይል ነበር። በጉ ከሣር በቀር ሌላ ስለማያውቅ፣ ከመሳለሚያ ሣር ተሸክሞ እየመጣ ያበላው፣ በጋው ሲገፋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሣሩ በኋላ አንድ እፍኝ ገብስ ይጨምርለት ነበር። «ሣር የለመደ ሆድ እህል ሲበዛበት አይችልም፤ ከዚህ በላይ እንዳትሰጡት» ብሎን ስለነበር፣ እኔና እናቴ የገብሱን ጆንያ አንነካም ነበር።

ለጎረቤቶቻችን ግን አልነገራቸውም። ብዙዎቹ እህል በረንዳ የሚውሉ፣ ማታ ጥራጊ እህል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ።

የበጉ ግራ ጎን ተነፍቶ፣ ጥርሱን ማፋጨት ሲጀምር ግቢው ሁሉ ወጣ።

«ማነው ያበላው?» አለ አባቴ።

«እኔ አንድ እፍኝ ብቻ! ነገ ለሚታረድ በግ ምን ይሰሰታል ብዬ» አሉ አበጣሪዋ እትዬ ዘይነባ።

«እርስዎም ሰጥተውታል? እኔ እኮ ማንም አላስታወሰውም ብዬ ነው!» አለ ተሸካሚው ከድር።

ከኋላቸው ሌላዋ ጎረቤት፣ «እኔም» አለች፤ ቀጥሎ ሌላው። ሁሉም ከበዓሉ በረከት ለመቋደስ አንድ አንድ እፍኝ ሰጥቶት ነበር።

እናቴ ዘይት አጠጣችው፣ ከድር ደግፎ ሊያስኬደው ሞከረ፣ በጉ ግን ጉልበቱ እየታጠፈ ወደቀ። አባቴ ቢላዋ ይዞ አጠገቡ ቆመ። ከበዓሉ ሶላት በፊት ቢያርደው ሥጋ እንጂ የአረፋ እርድ አይሆንለትም፤ እስኪነጋ ቢጠብቅ ደግሞ ሞቶ በክት ሆኖ ይቀርበታል።

«ጋሼ ሸምሱ፣ ይረዱት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» አሉ እትዬ ዘይነባ እያለቀሱ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፤ ምናልባት ይነሳ ይሆናል።»

አልተነሳም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ በጉን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደው። በማግስቱ ከሶላት ተመልሶ፣ የበዓል ልብሱን ሳያወልቅ፣ ባዶው ችካል ፊት ለፊት ተቀምጦ ዋለ።

አሁን በጉን የምገዛው እኔ ነኝ። በዋዜማው አምጥቼ የምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር አስረዋለሁ፤ ያረጀው አባቴም ወንበር አስወጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ እህል ይዞ የመጣ ጎረቤት የለም።